ፊደልና ስክሪን፦ የሐዋሳ አንባቢ ከአህያ ጋሪ ቤተ መጻሕፍት እስከ ኤሌክትሮኒክ ቀለም

ለንባብ ብቻ ተብለው የተሠሩት፣ በተለምዶ ኢ-ሪደር የሚባሉት ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች በውጭው ዓለም እርስ በርስ ሲነጻጸሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በስክሪናቸው ጥራት፣ በባትሪያቸው ቆይታ፣ በክብደታቸውና ከጀርባቸው ባለው የመጽሐፍ መደብር ስፋት ነው። እነዚህ መመዘኛዎች ስህተት ባይሆኑም፣ በሐዋሳ ከተማ ኖሮ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ለሚያነብ ሰው ከሁሉ የሚቀድመውን ጥያቄ አይመልሱም፤ እርሱም መሣሪያው የአንባቢውን ፊደል ያሳያል ወይ፣ አንባቢው ከሌላ ቦታ ያገኘውንስ ፋይል ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ከኢ-ሪደሩ በፊት በኮምፒዩተሩ፣ ከኮምፒዩተሩም በፊት በጽሕፈት መኪናው ላይ የተነሣ በመሆኑ፣ ስለ መሣሪያዎቹ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ከከተማዋ የንባብ ታሪክና ከፊደሉ ጉዞ መነሣት ይኖርበታል።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ ከሌሎች የኢትዮጵያ ታላላቅ ከተሞች አንጻር ገና ወጣት የሆነች ከተማ ናት። የተመሠረተችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ በመሆኑ፣ ጎንደርን የመሰሉ ጥንታውያን ከተሞች ከአድባራትና ከገዳማት የወረሱት ዓይነት የብራና መጽሐፍ ክምችት አልነበራትም፤ አንባቢዎቿን ያፈሩላት ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና በኋላም ኮሌጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም አገኘ። ከተማዋ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ተማሪዎችንና መምህራንን ብታሰባስብም፣ የሚያነቡት የአማርኛ መጽሐፍ በአብዛኛው የሚታተመው በአዲስ አበባ ነበርና፣ አንድ አዲስ ልብ ወለድ ሐዋሳ የሚደርሰው በመኪና ተጭኖ፣ የማጓጓዣውም ወጪ በዋጋው ላይ ተጨምሮ ነው። መጽሐፍን ተውሶ ማንበብ፣ ተራ ይዞ መቀባበልና ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዝቶ መልሶ መሸጥ ልማድ የሆነው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

የከተማዋን የንባብ ታሪክ ከብዙ ሌሎች ከተሞች የሚለየው ሌላው ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ማስተናገዷ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማለትም ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎልማሶችን ለማስተማር መንግሥት አገር አቀፍ ያደረገው እንቅስቃሴ፣ ሲዳሙ አፎን ጨምሮ እየተስፋፋ ሄዶ እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የሲዳማ ክልል ሲመሠረትና ሐዋሳ መዲናው ስትሆን ደግሞ፣ ቋንቋው በቢሮም በትምህርት ቤትም ቦታው ይበልጥ ሰፋ። ይህ የፊደል ጉዳይ ከኤሌክትሮኒክ ንባብ ጋር ያለው ዝምድና ቀጥተኛ ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ የሲዳሙ አፎ ጽሑፍ በማንኛውም ኢ-ሪደር ላይ ያለ አንዳች ችግር ሲነበብ፣ በዚያው ቤት ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ግን በዚያው መሣሪያ ላይ ባዶ አራት ማዕዘኖች ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መጽሐፍን ወደ አንባቢው የማድረስ ጥረት በሐዋሳ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በፊት የራሱ ክቡር ምዕራፍ አለው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ያገለገሉት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ በኢትዮጵያዋ ማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ጋሪው ላይ የተሠሩት መደርደሪያዎች መጻሕፍት ተደርድረውባቸው በየመንደሩ ይዞሩ ነበር፤ ጋሪው በቆመበት ቦታ ልጆች ተሰብስበው ያነቡ፣ ይነበብላቸውም ነበር፤ ሲያበቁም መጽሐፉ ለሌላው ልጅ ወደ መደርደሪያው ይመለስ ነበር። የዮሐንስ በጎ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከመረጣቸው ጀግኖች ጎራ አስመድቧቸዋል። ይህን ጋሪ እንደ ቆንጆ ፎቶግራፍ ብቻ ማየት ትልቅ ስህተት ይሆናል፤ አንድ መጽሐፍ ለብዙ አንባቢ፣ በአንባቢው ቋንቋ፣ አንባቢው ባለበት ቦታ የሚለውን ሥርዓት በተግባር ያሳየ ነውና። ከዚያ በኋላ የመጡት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ብዙ ገንዘብ በፈሰሰበት ጥናት ተሠርተው እንኳ ይህን ሥርዓት ያሟሉት በከፊል ነው።

ለዚህ ምክንያቱን ለመረዳት የግዕዝ ፊደል ወደ መሣሪያ የገባበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። 33ቱ መደበኛ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ፈር ቀዳጆች የገጠማቸው ፈተና፣ ለጥቂት አሥርት የላቲን ሆሄያት በተሠራ መኪና ላይ ይህን ሁሉ ቅርጽ ማስፈር ነበር፤ መፍትሔውም አንዳንድ ቅጥያዎችን ለብቻ እየመቱ ከፊደሉ ጋር ማጋጠም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገቡ የቁልፍ ማነስ ችግር ቢቃለልም፣ ሌላ ችግር ተተካ። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው የውስጥ ቁጥር የየራሱ ስለነበር፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄያት ክምር ይሆን ነበር።

ለሁሉም ቋንቋዎች ፊደል አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን አካተተ። በዚህ የፊደሉ ጉዞ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ክንውን ማግኘት ያዳግታል፤ አንድ የአማርኛ ቃል በአዲስ አበባ ተጽፎ በሐዋሳ፣ በሐዋሳ ተጽፎ በዋሽንግተን ሳይዛባ ሊነበብ የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የመጽሐፍ ገጽ የሚያቀናብሩ ማተሚያ ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች በነባሮቹ ፕሮግራሞች፣ በተለይም በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች መሥራታቸውን ለብዙ ዓመታት በመቀጠላቸው፣ ከነዚያ የሚወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ለስክሪን ንባብ የሚውልበት አመቺ መንገድ ፒዲኤፍ ብቻ ሆነ። ፒዲኤፍ ማለት የወረቀቱን ገጽ እንዳለ አትሞ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ቢሰፋም መስመሮቹ ራሳቸውን ከስክሪኑ ወርድ ጋር አያስተካክሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ኢፐብ የተባለው ዓይነት ግን ጽሑፉን እንደ ውኃ ከዕቃው ቅርጽ ጋር ያስማማዋል፤ አንባቢው ፊደሉን ሲያተልቅ መስመሩ ይታጠፋል፣ ገጹም እንደ አዲስ ይደለደላል። የኢ-ሪደር ጥቅም የሚታየው ከኢፐብ ጋር ሲሆን፣ የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በፒዲኤፍ ነው፤ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የኢ-ሪደሩ ልብ የሆነው ኤሌክትሮኒክ ቀለም በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተወለደ ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሠረተ። ስክሪኑ በእጅግ ጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ነው፤ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲለወጥም አንደኛው ወደ ላይ ወጥቶ ሌላው ይሰጥማል። ብናኞቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ኤሌክትሪክ ሳያስፈልጋቸው ስለሚቆዩ፣ መሣሪያው ኃይል የሚፈጀው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ነው፤ በዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ለሳምንታት ሊነበብበት ይችላል። ስክሪኑ እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ በመሆኑ፣ በቀትር ፀሐይ በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ስልክ ሲጨልምበት ኢ-ሪደሩ ይበልጥ ይደምቅለታል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የባትሪው ቆይታ የሚሰጠው ዕረፍት በማንኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አይታይም።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን ሊብሪዬ የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ ገበያው አልሞቀም፤ አማዞን ኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. ኪንድልን በ399 ዶላር ለሽያጭ ሲያቀርብ ግን መሣሪያውን ከግዙፍ የመጽሐፍ መደብር ጋር አስተሳስሮ ነበርና በሰዓታት ውስጥ ተሸጦ አለቀ። በ2010 እ.ኤ.አ. የካናዳው ኮቦ ተከተለ፤ ምንጩ ዩክሬን የሆነው ፖኬትቡክም በአውሮፓ ተስፋፋ፤ ሶኒ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ከዚህ ገበያ ወጣ። ለኢትዮጵያዊው አንባቢ ኪንድልን ጠንካራ ያደረገው ያው መደብር ነው ድክመቱም የሆነው። መደብሩ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ የባንክ ካርድ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ሐዋሳዊ እጅ የለም። አማርኛም ደራሲዎች በራሳቸው የኪንድል መጽሐፍ በሚያሳትሙበት አገልግሎት ከሚታወቁት ቋንቋዎች ተርታ ለረጅም ዓመታት አልገባም።

የመሣሪያዎቹ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው የአማርኛ ገጽ ሲከፈትባቸው ነው። የመጀመሪያው ኪንድል ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 167 ፒክሰል፣ ማለትም 167 የምስል ነጠብጣብ የሚይዝ ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ፔፐርዋይት የተባለው ኪንድል ግን 300 ይይዛል። በመጽሐፍ የተለመደው ባለ 10 ነጥብ ፊደል በመጀመሪያው ላይ በ23 ፒክሰል ገደማ ቁመት፣ በሁለተኛው ላይ በ42 ገደማ ይሳላል። ለላቲን ሆሄ 23 ፒክሰል ሊበቃ ይችላል፤ በግዕዝ ፊደል ግን ‹ቢ›ን ከ‹ቤ› የሚለየው ከእግሩ ሥር ያለች አንዲት ቀለበት ናት፣ ‹ሰ›ን ከ‹ሸ›፣ ‹ነ›ን ከ‹ኘ› የሚለየውም ከአናት ላይ ያለ ቀጭን ሰረዝ ነው። በዝቅተኛ ጥራት ቀለበቷ ትደፈናለች፣ ሰረዟም ከፊደሉ ጋር ትቀላቀላለች፤ አንባቢውም ከዓረፍተ ነገሩ አገባብ እየገመተ ለማንበብ ይገደዳል። በርካሽ የተገኘ አሮጌ ኢ-ሪደር ለእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ደህና ሆኖ ሳለ ለአማርኛ ዓይን አድካሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነውና፣ 300 ፒክሰል ለአማርኛ አንባቢ ቅንጦት ሊባል አይገባም።

ከጥራቱ ቀጥሎ ፎንት፣ ማለትም መሣሪያው ፊደሉን የሚስልበት የቅርጽ ስብስብ ይመጣል። በመሣሪያው ውስጥ የግዕዝ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ቢሆን እንኳ አይታይም። ኮቦ አንባቢው ራሱ ያመጣውን ፎንት፣ ለምሳሌ በነፃ የሚገኙትን አቢሲኒካንና ኖቶን፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ፎልደር ውስጥ ሲያስገባለት ይቀበላል፤ ኪንድል ይህን የፈቀደው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ኮቦና ፖኬትቡክ ኢፐብን በቀጥታ ሲያነቡ፣ ኪንድል እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ፋይሉ ካሊበርን በመሰለ ፕሮግራም ወደ ራሱ ዓይነት እንዲለወጥ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኢፐቡ በኩባንያው የመላኪያ አገልግሎት በኩል አልፎ እንዲደርሰው ያደርጋል፣ ይህም ኢንተርኔትና የአማዞን አካውንት ይፈልጋል። ቡክስ የተባሉት የቻይና መሣሪያዎች በኤሌክትሮኒክ ቀለም ስክሪን ላይ አንድሮይድን ስለሚያሠሩ የአማርኛ ፊደል ችግር እምብዛም የለባቸውም፣ ፒዲኤፍ ለማንበብ የሚበቁ ሰፋፊ ዓይነቶችም አሏቸው፤ ዋጋቸው ግን ከተራ ኢ-ሪደር እጅግ ይበልጣል።

በአነስተኛ ስክሪን ላይ የአማርኛ ቃል ርዝመት ራሱ ፈተና ነው። ‹እንደሚያስፈልጋቸውም› የሚለውን የመሰለ ቃል ባለ ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ፣ ፊደሉ ከተለቀ፣ የመስመሩን ግማሽ ይወስዳል፤ መሣሪያው ሁለቱንም ጠርዝ ለማስተካከል ሲሞክር በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል። የብራና ጸሐፊዎች ቃላትን በሁለት ነጥብ ስለሚለዩ ቃሉን በፈለጉበት ፊደል ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግሩት ነበር፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ይህን የቆየ ጥበብ ስለማያውቁ፣ የአማርኛ አንባቢ በቀኝ በኩል ጠርዙ ያልተስተካከለውን አቀማመጥ ቢመርጥ ገጹ ያምርለታል። መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት የቃሉን ፍቺ የሚያወጣው አገልግሎት ለእንግሊዝኛ ተማሪ ታላቅ ረዳት ሲሆን፣ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ በሚደራረብበት አማርኛ ግን ሥርወ ቃሉን ሳይፈልጉ ፍቺ ማግኘት አይቻልም።

ኢ-ሪደሩ ከነዚህ ፈተናዎች ጋር እየታገለ ሳለ በሐዋሳ የንባብ ገበያውን የወሰደው ስማርት ስልክ ነው። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የቴክኖ ስልኮችን በኢትዮጵያ መገጣጠም ጀመረ፤ አንድሮይድም ከ2010ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ የግዕዝ ፎንት ይዞ ይመጣ ነበርና፣ ፊደሉን ፍለጋ የሚደክም አልነበረም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው የሞባይል ንባብ ጥናት ውስጥ ከተካተቱት ሰባት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗም ልማዱ ቀደም ብሎ መጀመሩን ይመሰክራል። በእሑድ አምልኮ መጽሐፍ ቅዱስን ከስልክ ማንበብ፣ የትምህርት ማስታወሻን በቴሌግራም መቀባበል፣ የአንድን ልብ ወለድ ‹ሶፍት ኮፒ› ከጓደኛ መጠየቅ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። የመዋዋሱ ልማድ በአዲስ መልክ ቀጠለ ማለት ቢቻልም፣ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ፤ የተዋሱት የወረቀት መጽሐፍ ይመለሳል፣ ፋይሉ ግን በሺህ ይባዛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና የማሰራጨት መብትን ለደራሲው የሰጠ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ እየተቃኙ የሚሰራጩት መጻሕፍት ይህን መብት ይጥሳሉ። ደራሲው ከድካሙ ባላገኘ ቁጥር አሳታሚው ከኤሌክትሮኒክ እትም ይሸሻል፣ ሕጋዊ ኢፐብ በታጣ ቁጥርም አንባቢው ወደ ተቃኘው ፒዲኤፍ ይመለሳል።

የዋጋውም ነገር ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ 110 ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታከልበት ከ6,300 ብር ገደማ ወደ 11,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ አንድ መምህር ለራሱ ብቻ ኢ-ሪደር እንዲገዛ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም፤ መሣሪያው ወደ አገር የሚገባውም ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው።

ስለዚህ ለሐዋሳ አንባቢ የትኛው ይሻላል ለሚለው የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብና ከውጭ መጽሐፍ የሚገዛለት ዘመድ ላለው ሰው ኪንድል ይበቃዋል። አማርኛንና ሲዳሙ አፎን አጣምሮ ለሚያነብ፣ ፋይሉንም ከየቦታው ለሚሰበስብ ግን፣ 300 ፒክሰል ያለው፣ የራሱን ፎንት የሚያስገባለትና ኢፐብን በቀጥታ የሚከፍት ኮቦ ወይም ፖኬትቡክ ይመረጣል። የተቃኘ ፒዲኤፍ ለሚበዛበት ተመራማሪ ከስድስት ኢንች ስክሪን ይልቅ ሰፊ ስክሪን ያለው ታብሌት ይሻለዋል፤ ልቡ ወደ ኤሌክትሮኒክ ቀለም ካዘነበለም ከአሥር ኢንች ያነሰ መግዛት የለበትም። አሳታሚዎች የአማርኛ መጽሐፎቻቸውን በዩኒኮድ አቀናብረው፣ ፎንቱን በፋይሉ ውስጥ አብረው አስቀምጠው፣ በብር በሚከፈል ዋጋ በኢፐብ ያውጡ፤ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍትም ጥቂት ኢ-ሪደሮችን እንደ መጽሐፍ መዝግበው በውሰት ይስጡ።